የትምባሆ ውሃ ያራሰው ባና

አንዲት ቃል ለመናገር ከሁለት ሰዓት በላይ የፈጀብኝ ቀን አለ። ቃሏ ከባድ አይደለችም፤ ሕፃን እንኳን ይጠራታል። ትምባሆ። ያን ቀን ግን ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጣ ዳገት ወጣች፣ ቁልቁለት ወረደች፤ እኔ አፌን ዘግቼ በቆየሁ ቁጥር ቃሬዛ ላይ የተኛች አንዲት ሴት እየደከመች ትሄድ ነበር። ዓመታት አልፈዋል። ሳወራው ድምፄ አይንቀጠቀጥም፣ ዕንባም አይመጣኝም። ያን ቀንም አልመጣኝም። ስለዚህ አወራሬ ደረቅ ብሎ ከታያችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከግብርና ኮሌጅ በወጣሁ በዓመቱ መንዝ ውስጥ፣ ከጓሳ የሣር ሜዳ ጥግ ባለች አንዲት ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ሆኜ ተመድቤ ነበር። አገሬው ስሜን ለመያዝ አልደከመም፤ “ግብርናው” ነበር የሚለኝ። “ግብርናው መጣ፤ ዛሬ ደግሞ ምን ቆፍሩ ሊለን ይሆን?” ይባባላሉ፤ እሰማለሁ፣ አብሬ እስቃለሁ። ዘመኑ “ሞዴል አርሶ አደር” የሚባልበት ዘመን ነበር። ሞዴል ያላፈራ ሠራተኛ ግምገማ ላይ ምን እንደሚደርስበት በዚያ ጊዜ የሠራ ሰው ያውቀዋል። እኔ ሁለት ግምገማ ላይ ባዶ እጄን ቀርቤ፣ ሁለቱንም ጊዜ ላብ አጥምቆኝ ወጥቻለሁ። ሦስተኛውን ያሻግረኛል ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም የእትዬ ዘነበች ጎመን ነው።

እትዬ ዘነበች የአጥቢያው ካህን የቄስ ኃይሌ ባለቤት ናቸው። አርባን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ቀልደኛ ሴት ነበሩ። ከምንጩ በታች ባለች ቁራሽ መሬት ላይ ጥቅል ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ያለማሉ። “ግብርናው፣ አንተ ከወረቀት ሌላ ያበቀልከው ነገር አለ?” ይሉኛል ባዩኝ ቁጥር። መቀለጃ ቢያደርጉኝም የነገርኳቸውን ሁሉ የሚሞክሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ጎመኑን ክሽክሽ ወረረው። አመድ የነሰነሱበት የሚመስል ጥቃቅን ተባይ ነው፤ ቅጠሉን ከሥር ይዞ እየመጠጠ ያጨማድደዋል። ጾም ስለሆነ ጎመኑ የቤቱ ወጥ ነው። ከወረዳ ደግሞ እንግዶች መጥተው ሊጎበኙት ቀን ተቆርጧል። በእጄ ምንም የፋብሪካ መድኃኒት አልነበረኝም። ያኔ ኮሌጅ የተማርኩት አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የትምባሆ ቅጠል ዘፍዝፎ ውሃውን መርጨት።

“አንድ ቅጠል አለ፤ ተዘፍዝፎ ውሃው የሚረጭ። ክሽክሹን በአንድ ቀን ያረግፈዋል” አልኳቸው።

“የምን ቅጠል?”

ስሙን ስነግራቸው ፈገግታቸው ጠፋ። ወደ ቤታቸው ዞር ብለው አዩ።

“ሁለተኛ እንዳትጠራው። ቄሱ ከሰሙ አንተን ከአገር፣ እኔን ከቤት ነው የሚያስወጡን።”

“ታዲያ ይቅር?”

ጎንበስ ብለው አንዱን የጎመን ቅጠል ገለበጡት። ሥሩ በሙሉ ግራጫ ሆኗል። “ቅጠሉ በለው። ቅጠሉን አምጣልኝ” አሉኝ።

እዚያ አገር ላላደገ አንባቢ ይህ ፍርሃት የተጋነነ ሊመስለው ይችላል። እኔም ደብረ ብርሃን ያደግሁ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ መጀመሪያ ላይ ፈገግ አስብሎኛል። በዚያ አካባቢ ትምባሆ ነውር ነበር። የያዘው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይጠጋም፤ በካህን ቤት ተገኘ ከተባለማ የቄሱ ጥምጥም አብሮ ይወርዳል። ለተባይ ነው ብሎ ማስረዳት አይቻልም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይቻል ነበር። አልሞከርኩም።

ቅጠሉን ዘመሮ ገበያ ከቆላ ከሚመጣ ነጋዴ ገዛሁ። ሰይድ ይባላል፤ ጨው፣ ሳሙናና ሽርጥ በሁለት በቅሎ ጭኖ የሚመጣ፣ ሃምሳውን የተሻገረ ሰው ነው። ሲሰጠኝ፣ “አንተ ልጅ፣ ለሳምባህ አታዝንም?” አለኝ። “እኔ አላጨስም፤ ለጎመን ነው” ስለው ከት ብሎ ሳቀ። “ጎመንም ማጨስ ጀመረ በለኛ!”

በጋዜጣ ጠቅልዬ አመጣሁላቸው፤ አሠራሩንም ነገርኳቸው። “አንድ ቀን ይዘፍዝፉት፤ ያጥልሉትና ሳሙና ፍቀው ይጨምሩበት። አንዱን እጅ በአራት እጅ ውሃ ያቅጥኑት። ከዚያ በጓሳ ሣር እስር እየነከሩ ይርጩት።” ከኮሌጅ የያዝኳት ወረቀት ላይ ከዚህ ቀጥሎ አንድ መስመር ነበረች። ውሃው ገላ እንዳይነካ፣ ልብስ ካራሰ ልብሱ ወዲያው ወልቆ ገላው እንዲታጠብ ትላለች። ያቺን መስመር አላነበብኩላቸውም። ረስቼ አይደለም። ካስፈራኋቸው ይተውታል ብዬ ነው።

ጉብኝቱ ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ጎመኑን ልይ ብዬ ወረድኩ። ውርጩ ገና ከድንጋዮቹ ጥላ አልጠፋም። እትዬ ዘነበች በጎመኑ መደብ መሐል ተቀምጠው አገኘኋቸው። ለሥራ የተቀመጡ መስሎኝ፣ “ዛሬስ ቀደሙኝ!” አልኩ። ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ የደም ጠብታ የለም፤ ግንባራቸው በዚያ ብርድ ላብ አውጥቷል። አጠገባቸው ቢጫ ጀሪካን ወድቋል፤ አፉ በጨርቅ ተወትፏል።

“ተሳክቶልናል፤ እየው” አሉኝ በእጃቸው ወደ ጎመኑ እያመለከቱ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው አስመለሱ። ባዶ ሆድ ነበሩ፤ የወጣው ውሃ ብቻ ነው።

ቀረብ ስል ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። የለበሱት ባና፣ ያ ከበግ ፀጉር የሚሠራው ወፍራሙ የመንዝ ልብስ፣ ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው ጥቁር ብሎ ርሷል።

“ምንድን ነው ያራሰዎት?”

“ከወንዙ ማዶ ከካቡ ሥር ነው ደብቄው የከረምኩ፤ ሽታው ቤት እንዳይገባ። ሦስት ቀን አቆየሁት። ዛሬ ገና ጎህ ሲቀድ አዝዬው ወጣሁ። ክዳኑ ጠፋብኝና ጨርቅ ወተፍኩበት።”

“ውሃ አልጨመሩበትም?”

“ውሃ ልቀዳ ስመላለስ ሰው አያየኝም? እንዲሁ ረጨሁት።”

አንድ ቀን ያልኩት ሦስት ቀን ተዘፍዝፏል፤ አራት እጅ ውሃ ያልኩት አልገባበትም። ጀርባቸው ላይ ደግሞ የፈሰሰው ከጠዋቱ ጀምሮ በባናው ተይዞ ገላቸው ላይ ተለጥፏል። ያላነበብኳት መስመር ከነቃሏ ፊቴ ላይ መጣች።

“ባናውን ያውልቁት። አሁኑኑ” አልኩ።

“በዚህ ብርድ? ከውስጥ እኮ አንዲት ስስ ቀሚስ ናት ያለችኝ” አሉና እጄን ያዙኝ። ጣታቸው በረዶ ነው። “ስማኝ ልጄ። ምንም ቢሆን ለማንም እንዳትናገር። በእመቤቴ ይዤሃለሁ። ቄሱ ይዋረዱብኛል።”

“እሺ” አልኩ። በቃ እሺ አልኩ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን “እሺ” ለእሳቸው ብዬ ያልኩት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ግምገማውም፣ ሐሙስም፣ ከቀበሌው መባረሩም አብረው ነበሩበት።

በዚህ መሐል ጎረቤታቸው እማማ ወለተ ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ አዩንና ጮኹ። ሰው ተሰበሰበ፤ ቄስ ኃይሌም መስቀላቸውን ይዘው መጡ። እማማ ወለተ የእትዬ ዘነበችን ግንባር ዳሰስ አድርገው፣ “ምች ነው! ላብ ላብ ብሏታል፤ ሸፍኗት፣ በደንብ ያልባት! ዳማከሴ አምጡ!” አሉ።

ምች የያዘው ሰው ይሸፈናል፤ እስኪያልበው ልብስ ይደረብበታል። ይህ ሁልጊዜ የሚደረግ ነገር ነው፤ ማንም አላጠፋም። እትዬ ዘነበችን አነሷቸው፤ ከረጠበው ባና ላይ ሌላ ባና ደረቡ፣ በሱ ላይ ጋቢ። ውሃ ያራሰው መሰላቸው፤ ትምባሆ በዚያ አገር ስለማይገባ ሽታውን የለየ ሰው አልታየኝም። ጎረቤት ያመጣውን ሁለተኛውን ባና ከማሳው ካብ ላይ አንስቶ ያቀበለው ማን ነው? እኔ ነኝ። “ግብርናው፣ ያንን አቀብለኝ” አሉኝ፣ አቀበልኩ። እጆቼ የሌላ ሰው እጆች ይመስሉኝ ነበር።

አልተሻላቸውም። ሰውነታቸው መንቀጥቀጥ፣ ምራቃቸው መዝረብረብ ጀመረ። ቄስ ኃይሌ ጸሎታቸውን አቋርጠው፣ “ዘመሮ ጤና ጣቢያ እናድርሳት” አሉ። የእግር መንገዱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና በጠፍር ተጠላልፎ ቃሬዛ ተሠራ። ከፊት በግራ በኩል ትከሻዬን ሰጠሁ።

ያን መንገድ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። ንፋሱ ከጓሳ በኩል ይነፍሳል። እርምጃ እቆጥር ነበር፤ መቶ ስደርስ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ሃሳቤ ምን ነበር ብትሉኝ፣ ሐሙስ እንግዶቹ ሲመጡ ማሳውን ማን ያስጎበኛቸዋል የሚል ነበር። አፍሬ አይደለም የምነግራችሁ፤ እንደነበረ ነው። ፍርሃት ይሰማኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ሐዘንም አልመጣም። ከትከሻዬ በላይ አንዲት ሴት ስታቃስት እሰማለሁ፤ የምሰማው ግን ግድግዳ ማዶ እንዳለ ሰው ነበር።

ቄስ ኃይሌ በጎኔ በኩል ከቃሬዛው እኩል ይሄዳሉ። መስቀላቸውን ባለቤታቸው ደረት ላይ አድርገዋል።

“አንተ ነህ ቀድመህ ያገኘሃት” አሉኝ።

“አዎ፣ አባ።”

“ምን ስትሠራ ነበር?”

“ጎመኑን ሲኮተኩቱ፣ አባ።”

“ጎመን ብቻ?”

“ጎመን ብቻ።”

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። እንደገና ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጠየቁኝም። ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። እኔም ተረፍኩ ብዬ መቁጠሬን ከአንድ ጀመርኩ።

ሁለት ዳገት ወጣን። በየመሐሉ ከኋላ ያሉት ተሸካሚዎች ይቀያየራሉ፤ እኔ ግን ልቀቅ ስባል እምቢ አልኩ። ሰው ጨዋነት መሰለው። “ግብርናው ጠንካራ ነው” ሲሉ ሰማሁ። ሁለተኛውን ዳገት ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ ማቃሰቱ ቆመ። ዞር ብዬ አየሁ። ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቷል፣ ከንፈራቸው ገርጥቷል፤ ትንፋሻቸው ባናውን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው በጭንቅ ነው የሚታየው።

“ዘነበች” አሉ ቄሱ። “ዘነበች፣ ስሚኝ።”

እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን አላዞሩም። ከኋላ አንዱ “እግዚኦ መሐረነ” አለ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት። እኔ አፌን ከፈትኩ። ቃሏ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች። ከዚያ “እንፍጠን” አልኩና ተውኩት።

ሰይድን ያገኘነው ከዚያ ወዲያ ነው። ከዘመሮ ተመልሶ ወደ ቆላ ሊወርድ ሁለቱን በቅሎዎቹን እየነዳ ይመጣል። በዚያ አገር ቃሬዛ ያገኘ መንገደኛ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም፤ ሀብታም ሆነ ድሃ፣ እስላም ሆነ ክርስቲያን። ሰይድ ምን ሆነች ብሎ እንኳን አልጠየቀም። በቅሎዎቹን ከአንድ ቁጥቋጦ ጋር አሰረ፣ “አላህ ይማራት” አለና ከኋላዬ ያለውን ሰው አሳርፎ ገባ።

ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄድን። ቆጥሬያለሁ።

“ቆዩ” አለ ሰይድ። “አውርዷት እስኪ።”

“ምን ሆነህ ነው? ጊዜ የለንም!” አለው አንዱ።

“አውርዷት አልኳችሁ።”

አወረድናቸው። ሰይድ ተንበርክኮ ጋቢውን ገለጥ፣ የላይኛውን ባና ገለጥ አደረገና ታችኛውን በእጁ ጨመቅ አደረገው። ጣቶቹን አሸተታቸው።

“ይቺ ሴት ልብሷ በትምባሆ ውሃ ርሷል” አለ።

 ቄስ ኃይሌ ፊታቸው ተለዋወጠ። “በእኔ ቤት ትምባሆ የለም!” አሉ። “እኔ ካህን ነኝ! ምን እያልክ ነው አንተ ሰው?”

“አባቴ፣ እኔ ስለ ቤትዎ አልተናገርኩም። ስለ ልብሷ ነው” አለ ሰይድ ድምፁን ሳያነሳ። “እኛ አገር ቅጠሉ በዝናብ ሲለቀም ልብሱ የራሰበት ለቃሚ እንዲህ ይወድቃል። በገላ ነው የሚገባው። ልብሱን ያወልቁለትና በሳሙና ያጥቡታል። እናንተ ደግሞ ሸፍናችኋታል። እየጠጣችው እኮ ነው።”

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። አወቀኝ። “ጎመንም ማጨስ ጀመረ” ሲል የሳቀውን ሳቅ ዓይኑ ላይ ሲመጣና ሲጠፋ አየሁት። “እሱ ነው ከእኔ የገዛው” ማለት ይችል ነበር። አላለም። ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳያነሳ እዚያው ተንበርክኮ ጠበቀኝ።

“እውነቱን ነው” አልኩ። የራሴን ድምፅ አላወቅኩትም። “ትምባሆ ነው። ቅጠሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለክሽክሹ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አውቅ ነበር።”

ሰማዩ አልወደቀም። ማንም አልመታኝም። ከሁለት ሰዓት በላይ የፈራሁት ነገር መጣ፣ ሆነ፣ አለቀ፤ እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ሰይድ ተነስቶ ወደ በቅሎዎቹ ሮጠ። ሁለት ሳሙናና አንድ አዲስ ሽርጥ ይዞ መጣ። ከመንገዱ በታች ጅረት ነበር፤ ውሃ በባርኔጣም በቅልም ተመላለሰ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ዘርግተው ከለሉ፣ ጀርባቸውን ሰጡ። የባለቤታቸውን ልብስ ያወለቁትና ገላቸውን ያጠቡት ቄስ ኃይሌ ራሳቸው ናቸው። ከጋቢው ማዶ ውሃ ሲፈስና እሳቸው ሲተነፍሱ ብቻ ይሰማል። ያ የረጠበ ባና ከመጋረጃው ሥር ተወርውሮ እግሬ አጠገብ ወደቀ።

እትዬ ዘነበችን በሰይድ ሽርጥ ጠቅልለን፣ በደረቅ ጋቢ ሸፍነን ጉዞ ቀጠልን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና አስመለሱ፤ ቀጥለው “ውሃ” አሉ። ተሸካሚዎቹ ተሳሳቁ፣ አንዱ አለቀሰ። እኔ አልሳቅሁም፣ አላለቀስኩም። ሰይድ እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ከኋላዬ ተሸክሞ መጣ፣ ደህና ዋሉ አለና ወደ በቅሎዎቹ ተመለሰ።

ነርሷ ግሉኮስ ሰቀለችላቸው። ምን እንደሆነ ስነግራት፣ “ልብሱን ማውለቃችሁ ነው ያተረፋት፤ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ እኔ የማደርገው አልነበረም” አለች። ወጥቼ ከግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ግራ ትከሻዬ እርጥብ ነበር። ሲንጠባጠብብኝ የመጣው ውሃ ሸሚዜን አልፎ ገብቷል፤ እኔም ማቅለሽለሽ ጀምሮኝ ነበር፣ አላስተዋልኩትም። ሸሚዜን አወለቅኩና በቧንቧው ታጠብኩ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ቄስ ኃይሌ ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ጥምጥማቸው ላልቷል። የጾም ቅዳሴ ሰዓት አልፏል፤ አንድ ቀን እንኳ አስታጉለው አያውቁም ሲባል የሰማሁት ሰው ናቸው።

“ነቃች” አሉኝ።

“ተመስገን” አልኩ። “አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። መንገድ ላይ ሲጠይቁኝ ዋሸሁዎት።”

መሬቱን በዘንጋቸው ጫር ጫር አደረጉ። ከዚያ፣ “እኔም የጠየቅሁህ አጥቼው አይደለም” አሉ። “ትናገር እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። ጠዋት ዶማ ልትወስድ ስትገባ ሸትቶኛል። ከጎኗ ስሄድም መንገዱን ሁሉ ይሸተኝ ነበር። ባወራው ስሜ ይጠፋል ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ። የሚያጠፋት እሱ ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ግን አንድ ቃል ባወጣ ቶሎ ይደረስላት ነበር፣ አይደል?”

በአንድ ቃሬዛ ጎን እየሄድን፣ አንዱን ቃል ለሁለት ተሸክመን ነው ለካ የመጣነው። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩና ወደ ውስጥ ገቡ።

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ። ጎመኑ ላይ አንድ ክሽክሽ አልነበረም። “በምን አጠፋችሁት?” አለኝ አንደኛው። በትምባሆ ውሃ አልኩት፤ አሠራሩን ስነግረው ቶሎ ቶሎ ጻፈ። ስለ እትዬ ዘነበች ስጀምር እስክሪብቶውን ከደነ። በግምገማው ተመሰገንኩ።

ከፋሲካ በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ጎመኑን ከሥሩ ነቅለው ጉድጓድ ውስጥ እየቀበሩ አገኘኋቸው። ማንም አልበላውም። ቄስ ኃይሌ ነገሩን ራሳቸው ለሽማግሌዎቹ ተናግረዋል፤ ለሦስት ሳምንት ከመቅደስ ውጭ ቆመው እንዲያስቀድሱ ተደርጎ፣ ከዚያ ተመልሰዋል። ያ ሁሉ የፈራነው መዓት ሦስት ሳምንት ነበር።

ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት እትዬ ዘነበች አስቆሙኝ። “አንተን ቃል ያስገባሁህ እኔ ነኝ” አሉ። “ግን ሳስበው ይገርመኛል። አንተ ታውቅ ነበር። እሳቸውም ያውቁ ነበር። እኔማ እንዴት አላውቅም። ያዳነኝ የማያውቀኝ ሰው ነው።” ከዚያ ታጥቦ የታጠፈ ሽርጥ ከቤት አምጥተው ሰጡኝ። “ለባለቤቱ አድርስልኝ። አመስግናለች በለው።” ቀልድ አልጨመሩበትም። ከዚያ በኋላም ስለ ወረቀት አልቀለዱብኝም፤ ከሁሉም ይልቅ የሚከነክነኝ እሱ ይመስለኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ ትምህርት የምትጠብቁ ከሆነ ያለኝ ትንሽ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል ሰምታችኋል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለውንም ሰምቼ ነበር፤ ያን ቀን የሚጠቅመኝ ግን ሁለተኛው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ለገበሬ አንድ ነገር ሳስተምር ከወረቀቱ መጨረሻ እጀምራለሁ፤ ከሚያስፈራው መስመር። አንዳንዱ ፈርቶ ይተወዋል። ይተወው። ስለ ጥፋቴ ግን ተጸጽቼ ቀለለኝ ብላችሁ አልዋሻችሁም። ቦታው እስከ ዛሬ እንደ ደነዘዘ ነው፤ ስነካው አያመኝም። እኔን የሚያስፈራኝ አለማመሙ ነው።

ሽርጡን ለሰይድ ያደረስኩት ዘመሮ ገበያ ላይ ነው። ጨው እየመዘነ ነበር። ተቀብሎ አየው፣ አሸተተውና ከዕቃው ላይ አስቀመጠው።

“ዳነች?”

“ድነዋል። አመስግናለች በለው ብለውኛል።”

“አልሐምዱሊላህ።” ጨዉን መዝኖ ጨረሰ። ልሄድ ስነሳ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የጠየቀኝ።

“አንተ ልጅ፣ እኔን ባታገኙኝ ኖሮ እስከ የት ድረስ ዝም ብለህ ልትሄድ ነበር?”

ቆሜ አሰብኩ። ቀጥሎ ያለው ቁልቁለት፣ ከዚያ ድልድዩ፣ ከዚያ የጤና ጣቢያው በር። በየትኛው ላይ እንደምናገር ፈለግሁ። አላገኘሁትም።